አንድ ሴሚስተር በጀርመን፦ ያዩትን ባህል በማስታወሻ እንዴት ይይዛሉ?

ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ያለው ጊዜ ከሚገምተው ያነሰ ነው። የክረምቱ ሴሚስተር በደንቡ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ይቆጠር እንጂ ትምህርት የሚሰጠው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ በመካከሉም የገና ዕረፍት አለ። ዓይን ደግሞ ቶሎ ይለምዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነቀን ነገር በአምስተኛው ሳምንት ልብ አንለውም። ስለዚህ ያየውን ባህል መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ «ትንሽ ልልመድ» ሳይል ደብተሩን በደረሰበት ዕለት መጀመር አለበት።

ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከቦታው ጋር ይጻፉ፤ በቀኝ በኩል የመሰለዎትን ያስፍሩ። «ቀዝቃዛ»፣ «ኩሩ»፣ «ስስታም» የሚሉት ቃላት ፍርድ ስለሆኑ በግራው ዓምድ ቦታ የላቸውም። ይህን አጥብቄ የምናገረው የራሴ ደብተር ስላስተማረኝ ነው። አንድ ማለዳ በትራም ፌርማታ አንድ ወጣት ውኃውን ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሳይጨምር ከሥሩ መሬት ላይ አቁሞት ሄደ። በቀኙ ዓምድ «ንጽሕና ይወዳሉ የተባለው ውሸት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ከሳምንታት በኋላ ግን እንዲህ ያለው ጠርሙስ ሲገዛ 25 ሴንት መያዣ እንደሚከፈልበትና በሱፐርማርኬት ማሽን ውስጥ ሲከተት ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ ጠርሙስ እየሰበሰቡ የሚደጎሙ ሰዎችም መኖራቸውን ተረዳሁ። ወጣቱ ጠርሙሱን ውጭ ያቆመው እነዚያ ሰዎች እጃቸውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከቱ ነበር። በግራ የጻፍሁት እንዳለ ቆየ፤ የቀኙን ግን ማረም ነበረብኝ። ሁለቱን ደባልቄ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የሚታረመውን ከማይታረመው መለየት አልችልም ነበር።

ንግግር ሲመዘግቡ ሐሳቡን ሳይሆን ቃሉን ይያዙ። በእኛ ቤት «በቃኝ» የመጀመሪያው መልስ እንጂ የመጨረሻው አይደለም፤ ጋባዡ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብሎ ይደግማል፣ እንግዳውም ያኔ ይቀበላል። ጀርመን ውስጥ ግን አንድ ጊዜ የተባለው እንደተባለ ይወሰዳል። እንዲያውም ኬክ ሲቀርብለት «ዳንከ» ብቻ ብሎ የመለሰ ሰው «አልፈልግም» እንዳለ ይቆጠራል፤ የሚፈልግ «ያ፣ ቢተ» ይላል። እኔ አመሰግናለሁ ማለቴ ሲሆን ሳህኑ አልፎኝ ሄደ። የዚያን ምሽት «ምግብ ከለከሉኝ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ነገሩ እንደ ቂም ይቀር ነበር፤ የተባባልነውን ቃል በቃል ስለጻፍሁ ግን ለአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ሳነብላት የተሳሳተው የቱ ጋ እንደሆነ ወዲያው አሳየችኝ።

ሰዓት ለእኛ ሰዎች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአገራችንን አቆጣጠር ወደ እነሱ ለመቀየር ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ብቻ አይበቃም፤ ጀርመኖች «ሃልብ ድራይ» ሲሉ ቃሉ «ግማሽ ሦስት» ቢሆንም ሦስት ተኩል ማለታቸው ሳይሆን ወደ ሦስት የሚሄደው ግማሽ፣ ማለትም ሁለት ተኩል ማለታቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ስምንት ተኩል መሆኑ ነው። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት መርሐ ግብር ላይ ደግሞ ከሰዓቱ ቀጥለው የሚታዩት «c.t.» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ትምህርቱ ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደሚጀምር ያመለክታሉ።

መጠየቅ ሁለተኛው ሥራ ነው። ለዚህ ጥሩ አርአያ እዚያው ጀርመን አለ። በ1652 እ.ኤ.አ. አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጎታ ከተማ በሚገኘው የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተጋብዘው፣ ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ አገራቸው የሚያቀርብላቸውን ጥያቄ በግዕዝ ይመልሱለት ነበር። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ያለ አባ ጎርጎርዮስ ትምህርት የሚታሰብ አልነበረም። እርስዎም «ለምን እንዲህ ናችሁ?» ከማለት ይልቅ «ትናንት መምህሩ ሲጨርሱ ሁሉም ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኳ፤ ምን ማለት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውን ያስከላክላል፤ ሁለተኛው ማንኳኳቱ ከጭብጨባ ጋር አንድ መሆኑን ያስረዳል። አንድን ጉዳይ ቢያንስ ለሁለት ሰዎች ያቅርቡ፤ የአንድ ሰው መልስ የዚያ ሰው ጠባይ ሊሆን ይችላልና። የሚቻል ከሆነ አንዱ ዕድሜው የገፋ ይሁን።

አንቱታን የሚያውቅ ሰው «ዱ» (አንተ፣ አንቺ) እና «ዚ» (እርስዎ) የሚባሉትን መጠሪያዎች አይቸገርባቸውም፤ ነገር ግን ከማን ጋር እንደሚውሉ ይከታተሉ። ተማሪዎች በዕድሜ ቢበላለጡም እርስ በርስ «ዱ» ይባባላሉ፤ ከ«ዚ» ወደ «ዱ» እንሻገር የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ታላቁ ነው።

የሰውን ፎቶ ከማስታወሻዎ ጋር ሊያወጡ ካሰቡ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራጭ የሚከለክለው የጀርመን ሕግ ከ1907 ጀምሮ ያለ ነው። የሰዎችንም ስም በደብተሩ ውስጥ «ጎረቤት»፣ «አስተማሪ» በሚል ይተኩ።

ሻንጣዎን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡና የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች እንደገና ያንብቡ። የተሳሳቱበትን አይሰርዙ፤ በሌላ ቀለም ከጎኑ አሁን የገባዎትን፣ ያስረዳዎትን ሰው ማንነትና ቀኑን ይጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚያስተላልፉት ሁለቱ ቀለሞች ያሉበትን ገጽ ይሁን።