ቀለም ቀቢ ሳልጨምር 4 ቀን የቀነስኩበት መንገድ

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ስናድስ ሥራው 26 ቀን ይፈልግ ነበር። የተሰጠን 22 ነው። ሁሉም «ቀለም ቀቢ ጨምር» ይለኛል።

ክሪቲካል ፓዝ የሚባለውን ዘዴ ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ለትንሽ ሥራም ግሩም ነው። ሥራዎቹን ከነቀናቸው ጽፌ፣ የቱ የቱን እንደሚጠብቅ በቀስት አገናኘሁ። የኤሌክትሪክ ቱቦ 4፣ ልስን 6። ከዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ሴራሚክ 5፣ ቀለም 4። በሌላ በኩል የአሉሚኒየም ልኬት 1፣ ወርክሾፕ ውስጥ መሥራት 12። ሁለቱም ሲያልቁ ገጠማ 3። ሥራው የሚያልቅበትን ቀን የሚወስነው ረጅሙ መስመር ነው፤ ክሪቲካል ፓዝ የሚባለውም እሱ ነው። እዚህ ረጅሙ የአሉሚኒየሙ ነው። የቀለሙ መስመር 4 ቀን ትርፍ አለው። ስለዚህ የፈለገው ያህል ቀቢ ቢመጣ አንዲት ቀን አይቀንስም!

መላው የተገኘው ልስኑ ላይ ነው። ልስን የሚሠሩትን ሰውዬ «ጋሼ፣ አሉሚኒየም የሚገባባቸውን ቦታዎች ያስቀድሙልኝ» አልኳቸው። እነዚያ በ2 ቀን አለቁ። ልኬቱ 4 ቀን ቀደመ፤ ጠቅላላው 22 ሆነ።

ግን ልብ በሉ፦ አሁን የቀለሙም መስመር ትርፍ የለውም። ሁለቱም 19ኛው ቀን ላይ ያልቃሉ። ሴራሚኩን ቀደም ብዬ ከመርካቶ ያስመጣሁት ለዚህ ነው።