ዋርዳችሁ ስንት ነርስ ያስፈልገዋል? በእስክሪብቶና በወረቀት እንቁጠረው

«30 አልጋ፣ 15 ነርስ አላችሁ። ለ2 ታካሚ 1 ነርስ ማለት ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?» ይህን ከአስተዳደር ያልሰማ ሄድ ነርስ (የዋርድ ነርሶች ኃላፊ) ያለ አይመስለኝም። ወረቀት ላይ ልክ ይመስላል። ግን ማታ 4 ሰዓት ላይ ዋርዱ ገብታችሁ ብትቆጥሩ የምታገኙት 3 ነርስ ነው፤ ከእነሱም አንዷ ደም ልታመጣ ወጥታለች።

እኔም ይህ ጥያቄ ቀርቦልኝ መልስ አጥቼ ከስብሰባ የወጣሁበት ቀን አለ። ስራው እንደበዛብን ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚያቅተን በቁጥር ማሳየቱ ነው። ስለዚህ እኔ የምሰራበትን መንገድ ላካፍላችሁ። ኮምፒውተር አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ማን እንደሚቆጠር እንስማማ። የሚቆጠረው አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ ታካሚ ተመድቦለት አልጋ አጠገብ ያለ ነርስ ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ያለች ሄድ ነርስ አትቆጠርም። ለልምምድ የመጣ ተማሪ አይቆጠርም፤ እሱን ማሳየትና መከታተል ራሱ ስራ ነው። አስታማሚም አይቆጠርም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሆስፒታሎቻችን ውስጥ ዋርዱን ያቆሙት አስታማሚዎች ናቸው። ያበላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ይዞራሉ፣ ሌሊት መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው ያድራሉ። ክብር ይገባቸዋል። ግን አንዲት እናት የልጇ አተነፋፈስ ሲቀየር ምን ማለት እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለባትም፣ ያ የኛ ስራ ነው። ለአስታማሚዋ «እንዲህ ካየሽ ቶሎ ጥሪኝ» ብላችሁ ንገሯት፤ በነርስ ቦታ ግን አትቁጠሯት።

ቀጥሎ መነሻ ቁጥር እንያዝ። ከሁሉ ግልጽ የሆነው የካሊፎርኒያ ህግ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2004 ስራ ላይ ዋለ። አሁን በመደበኛ የውስጥ ደዌና የቀዶ ህክምና ዋርድ 1 ነርስ ቢበዛ 5 ታካሚ ነው የምትይዘው፤ ህጻናት ዋርድና ድንገተኛ ክፍል 4፣ ጽኑ ህሙማን ክፍል 2። እንግሊዝ እንዲህ ያለ የህግ ቁጥር የላትም፣ ግን በ2014 የወጣው የናይስ (የአገሪቱ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም) መመሪያ ቀን ላይ 1 ነርስ ከ8 በላይ ታካሚ ስትይዝ ጉዳት እንደሚጨምር ጠቁሟል። ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠን እንውሰድ እያልኩ አይደለም። መለኪያ ሲኖር ግን ምን ያህል እንደራቅን ይታያል። ርቀቱ ደግሞ የሰው ህይወት ነው፦ በ2002 በታተመው የሊንዳ ኤይከንና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ቀዶ ህክምና የተደረገላቸው ሰዎች ሲታዩ፣ በአንዲት ነርስ ላይ 1 ታካሚ በተጨመረ ቁጥር በ30 ቀን ውስጥ የመሞት እድላቸው በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

አሁን ሂሳቡ። 30 ታካሚ ያለበት ዋርድ እንውሰድ። ቀን 1 ለ5፣ ከሰዓት 1 ለ6፣ ሌሊት 1 ለ8 እንዲሆን ፈለግን እንበል። ቀን 6፣ ከሰዓት 5፣ ሌሊት 4 ነርስ ይወጣል (3.75 ቢሆንም ሩብ የጎደላት ነርስ ስለሌለች ወደ ላይ ነው የሚጠጋው)። በ24 ሰዓት 15 ሺፍት ማለት ነው። በዓመት 15 ሲባዛ በ365፣ 5,475 ሺፍት።

አንድ ነርስ ከእነዚህ ስንቱን ትሸፍናለች? በሳምንት 5 ቀን ከሰራች በዓመት 260 ቀን ነው። የዓመት ፈቃድ፣ በዓላት፣ ህመም፣ ሀዘን፣ ስልጠና ተደምረው 40 ቀን ቢወስዱ 220 ይቀራል። 40ውን እኔ በግምት ነው ያስገባሁት፤ እናንተ ያለፈውን ዓመት መቆጣጠሪያ አውጥታችሁ የራሳችሁን አስገቡ፣ በተለይ የወሊድ ፈቃድ ካለ ቁጥሩ ብዙ ይቀየራል። 5,475 ለ220 ሲካፈል 24.9፣ ማለትም 25 ነርስ። ሄድ ነርሷ ሳትቆጠር።

እስቲ ወደ 15ቱ እንመለስ። 15 ነርስ በ220 ቀን 3,300 ሺፍት ይሰራሉ። ለ365 ቢካፈል በቀን 9፣ በ3 ሺፍት 3 በ3። ስለዚህ 1 ለ2 የተባለው ዋርድ በእውነቱ 1 ለ10 ነው። ስብሰባ ስትገቡ ይህችን ሂሳብ ይዛችሁ ግቡ።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። 6 ታካሚ ሁሉ እኩል አይደለም። ለአንዱ ደም ከተጀመረ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች አጠገቡ መሆን አለባችሁ። ከኦፕሬሽን የወጣው በየ15 ደቂቃው ቫይታል ሳይን (የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የአተነፋፈስና የሙቀት ልኬት) ይፈልጋል። እኔ ከርክክብ በኋላ ለእያንዳንዱ ነጥብ እሰጣለሁ፦ በራሱ ለሚንቀሳቀስና ለሚበላ 1፣ ለመገላበጥ እገዛ ለሚፈልግ ወይም በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት ለበዛበት 2፣ ኦክስጅን ላይ ላለ፣ ደም ለሚወስድ፣ ከኦፕሬሽን ለወጣ ወይም ራሱን ለማያውቅ 3። አንድ ቀን 18 ታካሚ ለ3 ነርስ እንደለመድነው በክፍል ስናካፍል 6 በ6 ደረሰን። ነጥቡ ሲደመር ግን 7፣ 8 እና 15 ሆነ። በነጥብ ስናስተካክለው ሁላችንም ጋ 10 በ10 መጣ፤ አንዷ 8 ታካሚ፣ አንዷ 6፣ ከባዶቹን የያዘችው 4። በሰው ብዛት ያደላን ይመስላል፣ ስራው ግን እኩል ነው። አንድ አልጋ ጠዋት ዲስቻርጅ (ወጪ ታካሚ) ከሰዓት አድሚሽን (አዲስ ገቢ) ካለበት ደግሞ እንደ 2 ታካሚ ቁጠሩት።

ምሳንም አትርሱ። በካሊፎርኒያ ህጉ የሚጠበቀው በማንኛውም ሰዓት ነው፣ ነርሷ እረፍት ስትወጣ ጭምር። 5 የያዘች ጓደኛዋን ሌላ 5 አሸክማ ከወጣች ለግማሽ ሰዓት 1 ለ10 ሆነ ማለት ነው። ተራ አውጡ፤ ከባዶቹ ታካሚዎች ያለባት ስትወጣ ቀላል የያዘችው ትሸፍን።

ዛሬ ማታ ዲዩቲ ገብታችሁ 2 ብቻ ብትሆኑስ? ርክክቡን ሳትጨርሱ ሱፐርቫይዘሩን ጥሩ፣ ደውሉ፣ የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ቴክሳስ ያላችሁ «ሴፍ ሃርበር» የሚባለውን (አደገኛ ምደባ ሲሰጣት ነርሷን የሚጠብቅ የህግ ከለላ) ምደባውን ከመቀበላችሁ በፊት ነው መጠየቅ ያለባችሁ፤ ታካሚ ከተረከባችሁ በኋላ ጥሎ መውጣት በየትም አገር ሌላ ጥፋት ነው። ከዚያ ከባዶቹን አቅራቢያችሁ ወዳሉት አልጋዎች አምጧቸው። ዛሬ የሚቀረውን አብራችሁ ወስኑ። አንሶላ መቀየርና ቁም ሳጥን ማስተካከል ይቅር። ቫይታል ሳይን፣ መድኃኒት፣ ኦክስጅን ማየትና ማገላበጥ አይቀርም። ይህን እያንዳንዳችሁ በልባችሁ ከወሰናችሁት አንዷ የተወችውን ሌላዋ ሰርታዋለች ብላ ታልፋለች፤ የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ከዚያ መዝገብ። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሺፍት፣ የነርስ ብዛት፣ የታካሚ ብዛት፣ ጠቅላላ ነጥብ። ከጎኑ የቀረውን ወይም የዘገየውን ጻፉ፤ ናይስ ቀይ ባንዲራ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ለኛ የሚሆኑት ከ30 ደቂቃ በላይ የዘገየ የህመም ማስታገሻ፣ ሳይሰጥ የቀረ መድኃኒት፣ ያልተለካ ቫይታል ሳይን እና ዋርዱ ላይ ከ2 ያነሰ ነርስ የነበረበት ጊዜ ናቸው። የታካሚ ስም አትጻፉ። የባልደረባም ስም አትጻፉ፣ ደብተሩ ማንንም ለመክሰስ አይደለምና ስም ከገባበት ማንም እውነቱን አይጽፍበትም።

ወሩ ሲያልቅ ደምሩት፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለሜትረኗ (የሆስፒታሉ ነርሶች ሁሉ ኃላፊ) አስገቡ። የሰኔውን ከሐምሌው ጋር ጎን ለጎን አድርጉት። «ስራ በዝቶብናል» የሚለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ «በወሩ 11 ሌሊት 1 ለ10 ሰርተናል፣ በእነዚያ ሌሊቶች 23 መድኃኒት ዘግይቷል» የሚለው ግን መልስ ያስፈልገዋል። ስታስገቡ በቁጥር አስመዝግቡት፣ ኮፒውን እናንተ ጋ አስቀሩ።