በሳሎንዎ ሙዚቃን በሁለት ድምፅ ማጉያ ወይስ በአምስት? አቀማመጡንና አሞካከሩን እነሆ

ከፒያሳ እስከ ልደታ በየኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ስገባ የማየው ተመሳሳይ ነው፦ ቴሌቪዥኑ ቡፌው መሃል፣ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ግራና ቀኙ ተለጥፈው፣ የኋለኞቹ ደግሞ አንዱ ማቀዝቀዣ ላይ፣ ሌላው ከመጋረጃ ጀርባ። አምስት ማጉያና አንድ ሰብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ማጉያ) ያለው ሆም ቲያትር የተገዛው ለፊልም ነው፤ ለፊልም ደግሞ ግሩም ነው። ለሙዚቃ ግን በልኩ የተቀመጡ ሁለት ማጉያዎች እንደ ነገሩ ከተበተኑ አምስት ይበልጣሉ ባይ ነኝ።

የምንሰማው ሙዚቃ አብዛኛው የተቀናበረው ለሁለት መስመር፣ ለግራና ለቀኝ፣ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ይህ አሠራር፣ ስቴሪዮ፣ ዛሬም አልተሻረም። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ ያሳተማቸው ሸክላዎችም የኋላ ማጉያ የሚባል አያውቁም። መሣሪያው ከሁለት መስመር አምስት ሲያወጣ የቀረውን የሚሞላው በራሱ ግምት ነው። ያን ጊዜ የዘፋኙ ድምፅ ይሳሳል፣ ሳክስፎኑም ከጀርባ ይመጣል።

እንግዲህ ሜትር ያውጡ። በሁለቱ የፊት ማጉያዎች መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ መቀመጫዎ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ ለጠባብ ሳሎን ሁለት ሁለት ሜትር ይበቃል። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክብ በጆሮዎ ከፍታ ትሁን፤ ማጉያዎቹንም ትንሽ ወደ እርስዎ ያዙሯቸው። ከግድግዳው ጥቂት ሳቧቸው፤ ግድግዳ፣ ይልቁንም ማዕዘን፣ ወፍራሙን ድምፅ ከልክ በላይ ያጎላዋል። ቡፌ ውስጥ የገባ ማጉያማ ሲኒዎቹን ሳይቀር ያንቃጭላል።

ገመዱን ሲያገናኙ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ይግጠም። አንዱ ጋ ከተገለበጠ የአንደኛው ማጉያ ሸራ ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅም እርስ በርሱ ይጣፋል። ለማረጋገጥ ዘፋኙ ጎልቶ የሚሰማበት ዜማ ይክፈቱና መሃል ተቀምጠው ዓይንዎን ይጨፍኑ። ድምፁ ምንም ነገር ከሌለበት ቦታ፣ ከሁለቱ ማጉያዎች መካከል መምጣት አለበት። ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ጭንቅላት ዙሪያ የሚንሳፈፍ ከመሰለ ገመዱን እንደገና ይመልከቱ።

ወለሉ ሴራሚክ ከሆነ በማጉያዎቹና በሶፋው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ማስተጋባቱን ይቀንሳል። ግድግዳ ላይ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ብዙ ይወራለታል፤ ለጎረቤት የሚያልፈውን ድምፅ ግን አያስቆምም።

ሆም ቲያትሩ ካለዎት መሸጥ አያስፈልግም። ሙዚቃ ሲያዳምጡ በሪሞቱ ስቴሪዮ የሚለውን ይምረጡ፤ የኋለኞቹ ዝም ይላሉ። ሰብዉፈሩ ይቆይ፣ ነገር ግን ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ብቻ ይያዝ፤ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ እስካወቁ ድረስ ገና በዝቷል ማለት ነው።

ሰራውንድ፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም የሚከብብ ድምፅ፣ ለሙዚቃ የሚያምርበት ጊዜም አለ። አፕል ሙዚክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ዶልቢ አትሞስ በሚባለው የሰራውንድ ዘዴ የተቀናበሩ ሥራዎችን ያቀርባል፤ በአዳራሽ የተቀረጹ ኮንሰርቶችም የአዳራሹን ማስተጋባትና ጭብጨባ ለኋላ ማጉያዎች ሲሰጡ እኔም እጄን እሰጣለሁ። የኋለኞቹ ቦታቸው ከጆሮዎ በስተጎን፣ ጥቂት ወደ ኋላ ነው፤ ከፊት ለፊትዎ ሲለካ ወደ 110 ዲግሪ ግድም። ርቀታቸው ከፊቶቹ ጋር እኩል ካልሆነ በመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ያስገቡት፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና። ከስልክ በተለመደው ብሉቱዝ የሚላክ ሙዚቃ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አምስቱም ቢጮሁ ሰራውንድ ሰማሁ አይበሉ።

ሁለቱን ሲያወዳድሩ ከፍታውን ያስተካክሉ። አምስት ማጉያ ሲበራ ድምፁ ይጨምራል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ለጆሮ የተሻለ ይመስላል። መቀመጫዎ ላይ ሆነው በስልክ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ እኩል ያድርጉት። ከዚያ የታክሲው ጥሩንባ ጋብ ሲል፣ ሪሞቱን ለሌላ ሰው ሰጥተው የትኛው እንደበራ ሳይነገርዎት ያዳምጡ።