በደብተር ላይ ገብስ የሚያዘራ ገበሬ፦ የቆሙ ሥዕሎች እንዴት ተንቀሳቅሰው ይታያሉ

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ አውድማዎች ገበሬ ገብስ ሲያዘራ የተመለከተ ሰው፣ መንሹ ከመሬት ተነሥቶ ከራስ በላይ እስኪደርስ ያለውን ጉዞ ሳይቆራረጥ ያያል። ያንኑ ጉዞ በ24 የቆሙ ሥዕሎች መልሶ ማሳየት ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ እርሳስና መቀስ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ደብተሩን ከወገቡ ላይ በአግድም ለሁለት ይቁረጡት። በጀርባው ሁለት ሽቦ ካለው ለእያንዳንዱ ግማሽ አንዳንድ ይደርሰዋል፤ አጭር ወረቀትም ከረጅሙ ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሥዕሉን ከመጨረሻው ሉክ ይጀምሩ። የሚቀጥለው ሉክ በላዩ ሲተኛ የሥሩ መስመር ደብዝዞ ስለሚታይ፣ ገበሬውን በዚያው ቦታ ደግመው እየሣሉ እጁንና መንሹን ብቻ ጥቂት ከፍ ያድርጉ። በ12 ሥዕል መንሹ ከራስ በላይ ይድረስ፤ በቀሪው 12 ወደ መሬት ይመለስ። ገበሬው የቆመበት መስመር ግን በሁሉም ገጽ አንድ ቦታ ላይ መሆን አለበት። ከሁሉ አብልጬ የማሳስበው ይህንን ነው፤ መሬቱ ከተንቀጠቀጠ የመንሹ ጉዞ ይጠፋል።

ከዚያ በግራ እጅዎ ጀርባውን ይዘው፣ ጠርዙን በቀኝ አውራ ጣትዎ ለመጥ አድርገው ከመጨረሻው ሉክ ጀምሮ አንድ በአንድ ይልቀቁ። በዝግታ ሲለቁ የተለያዩ ሥዕሎች ይታያሉ። 24ቱን በ2 ሰከንድ ሲያሳልፉ፣ ማለትም እያንዳንዱ 83 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቆይ፣ ገበሬው ማዝራት ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ ያለፈው ሥዕል በዓይን ውስጥ ጥቂት ስለሚቆይ ከሚቀጥለው ጋር ይቀጣጠላል የሚል ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ሥዕሎቹ በዓይን ውስጥ ቢደራረቡ ኖሮ የምናየው አንድ የሚጓዝ መንሽ ሳይሆን እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ብዙ መንሾች ይሆን ነበር። እንቅስቃሴውን የሚሠራው አንጎል ነው። በአንጎል ውስጥ ያሉ እንቅስቃሴን የሚለዩ ሕዋሳት፣ አንድ ቅርጽ ከአንድ ቦታ ጠፍቶ ወዲያው በአጠገቡ ሲታይ፣ ነገሩ በእርግጥ ተጉዞ እንደ ሆነ ሁሉ ይቀሰቀሳሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማክስ ቨርትሃይመር በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሁለት መስመሮችን እያፈራረቀ አሳየ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ሲሆን ተመልካቾቹ አንዱን ከሌላው በኋላ፣ ወደ 30 ሲወርድ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ፣ 60 አካባቢ ሲሆን ግን አንድ መስመር ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ አዩ።

የጊዜው ብቻ ሳይሆን የርቀቱም ልክ ወሳኝ መሆኑን በሁለተኛው ግማሽ ደብተር ይፈትኑ። መንሹ በ12 ፈንታ በ3 ሥዕል ብቻ ከራስ በላይ ይድረስ፤ በቀደመው ፍጥነት ሲለቁት ይዘላል እንጂ አይንሸራተትም። እንዲህ የዘለለበትን ስፍራ የሚጠግነው አገላለጡን ማፍጠን ሳይሆን በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ሌላ ሥዕል መጨመር ነው።