ባሕር ዳርን ከየት ቆሞ ማየት ይሻላል? የዕይታ ቦታ አመራረጥ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትቀመጥም ከጣና ወለል የምትበልጠው በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጎንደር ወይም ደሴ ላይ እንደሚደረገው ዳገት የሚወጣ መንገድ ይዞ «ላይ ስደርስ ይታየኛል» ማለት እዚህ አይሠራም። ዘንባባው፣ ደንገሉና ፎቁ ይጋርዳል። ብዙ እንግዳ «የት ልሂድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «በዚህ ወር፣ በስንት ሰዓት?» ነው። አንዱ ዳርቻ በሚያዝያ ልብ የሚሰርቅ ሆኖ በታኅሣሥ ተራ አግዳሚ ወንበር ሊሆን ይችላል።

1. ካርታውን ከቤት አውርዱ

ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሠራ ካርታ ይሁን። ጉግል ማፕስም ኦርጋኒክ ማፕስም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን የከፍታ መስመሮችን ስለሚያሳይ ኦርጋኒክ ማፕስ ይሻላል። መስመሮቹ ተጠጋግተው የምታዩበት ቦታ ተዳፋት ነው። ከተማው ውስጥ እንደዚያ ያለ ቦታ እምብዛም አታገኙም። ሦስት ነገር ያዙ፦ ሐይቁ ከከተማዋ በስተሰሜን ነው፤ አባይ ከሐይቁ ወጥቶ በምሥራቅ በኩል ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ቤዛዊት የሚባል ኮረብታ አለ።

2. ፀሐይ የምትገባበትን አቅጣጫ ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ፀሐይ በትክክል በምዕራብ የምትጠልቀው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ መስከረም 12 እና መጋቢት 11 አካባቢ። በቀረው ጊዜ ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በባሕር ዳር ሰኔ 14 አካባቢ ከምዕራብ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ትርቃለች። በስልክ ኮምፓስ ሲነበብ ምዕራብ 270 ነው። የሰኔዋ ፀሐይ 294 ላይ፣ የታኅሣሧ 246 ላይ ትገባለች። በሚያዝያ መጨረሻ 287፣ በጥቅምት መጨረሻ 253 አካባቢ ናት።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ሐይቁ ሰሜን ነው ብለናል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ወደ ውሃው ትቀርባለች፤ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ወደ ከተማው ትሸሻለች። ጉዱ ደግሞ አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ለገናና ለጥምቀት መሆኑ ነው፤ ማለትም ፀሐይ ከውሃው በራቀችበት ወቅት። መሃል ከተማ ዳርቻ ላይ ወንበር ስቦ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ የሚጠብቅ ሰው ፀሐይዋ በስተግራው ከዛፍና ከጣሪያ ጀርባ ስትገባ ያያታል። ሰዓት አሳስቶ አይደለም፤ ቦታው የዚያ ወር ቦታ ስላልሆነ ነው።

ስለዚህ አንድ ዳርቻ ላይ ስትደርሱ ኮምፓሱን ክፈቱና የወሩን ቁጥር ፈልጉ። በዚያ አቅጣጫ የሚታየው ውሃ ከሆነ ቆዩ። ዛፍ፣ ሕንፃ ወይም ግንብ ከሆነ ዳርቻውን ይዛችሁ ቀጥሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሚያዋጣው ከመሃል ከተማ ወደ አባይ መውጫ በሚወስደው ዳርቻ መሄድ ነው፤ ወደዚያ በራቃችሁ ቁጥር ውሃው ከሰሜን ወደ ምዕራብ ጎናችሁ ይመጣል።

ኮምፓሱ ራሱ ይዋሻል። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን ካላችሁ አውልቁት። ከመኪና፣ ከብረት አጥርና ከድልድይ ብረት ራቁ፤ አሥርና ሃያ ዲግሪ ያስታል። ቁጥሩ ከዘለለ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር ቅርጽ እያሣላችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሩት። ኮምፓስ የሌለው ስልክ ከሆነ ደግሞ ጡጫችሁ ይበቃል፦ ክንድ ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ የተጨበጠ እጅ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ካርታው ላይ ምዕራብን ለዩ፣ ከዚያ ሁለት ጡጫ ተኩል ወደ ቀኝ ስትቆጥሩ የሰኔ መግቢያ፣ ወደ ግራ ስትቆጥሩ የታኅሣሥ መግቢያ ይሆናል።

ሰዓቱም ከወር ወር ይለያያል። ኅዳር ላይ ከምሽቱ 12፡05 ገደማ ትጠልቃለች፤ ሚያዝያ ላይ 12፡45፣ በሰኔ መጨረሻ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ንጋት ለሚፈልግ፣ ግንቦት ላይ ከጠዋቱ 12፡05 አካባቢ፣ በጥር አጋማሽ ደግሞ 12፡55 ትወጣለች። ቦታው ላይ ሆናችሁ ስንት ደቂቃ እንደቀረ ለማወቅ አራት ጣት ገጥማችሁ ክንዳችሁን ዘርጉ፤ በፀሐይና በአድማሱ መካከል አራት ጣት ከገባ ግማሽ ሰዓት ያህል አላችሁ። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ይህ መላ እምብዛም አያሳስትም። ከጠለቀች በኋላ ቶሎ አትነሱ። ሰማዩ የሚቀላው ከዚያ በኋላ ነው፣ ግን ከ20 ደቂቃ ብዙም ሳያልፍ ይጨልማል።

3. አየሩንና የውሃውን ልክ አስቡ

ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚወዳደር የለም፤ ዝናቡ አቧራውን አጥቦታል፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ማዶው ጥርት ብሎ ይታያል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ጭጋግና ጭስ አለ። ሩቅ አይታይም፤ ፀሐይዋ ግን እንደ ብርቱካን ስለምትቀላ ፎቶ አንሺዎች ይወዱታል። ክረምት ላይ ደመናው ይከፍት አይከፍት የዕድል ጉዳይ ነው።

የጣና ወለል በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዝቅ የሚለው በሰኔ አካባቢ፣ የሚሞላው በመስከረም ነው። መስከረም ላይ ውሃ የነካ ድንጋይ ግንቦት ላይ ከጭቃና ከደንገል ኋላ ይቀራል። ስለዚህ «እዚች ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለህ እይ» ያላችሁ ሰው በየትኛው ወር እንደተቀመጠ ጠይቁት።

4. ዳርቻው ካልበቃ ፎቅ ውጡ

ከውሃው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው አድማስ 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ምድር ክብ ስለሆነች ከዚያ ያለፈው ውሃ ይደበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዓይናችሁ ከውሃው በላይ ያለበትን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 አባዙ። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከውሃው 14 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ፣ አድማሱ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ ሊፍት ብቻ ሐይቁን ከሁለት እጥፍ በላይ ያሰፋዋል። ደንገሉም ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ከመሬት የሚጋርዳችሁ ነገር ከሰገነት ከእግራችሁ ሥር ይሆናል።

ለዚህ ውድ ሆቴል ማደር አያስፈልግም። ሐይቁ አጠገብ ካሉት ፎቅ ቤቶች ላይኛው በረንዳ ላይ ቡና ወይም ማኪያቶ ማዘዝ ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት እንግዳ ተቀባዩን «የላይኛው በረንዳ ክፍት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱ የሚከፈተው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፣ አንዳንዱ ለሠርግ ይያዛል። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱም አብሮ ስለሚቆም ከአዛውንት ጋር ከሆናችሁ አስቡበት። ከመስታወት ጀርባ የምታነሱ ከሆነ የስልኩን ካሜራ መስታወቱ ላይ ለጥፉት፤ ካልሆነ ፎቶው ላይ የሚወጣው የገዛ ሸሚዛችሁ ነው።

5. ቤዛዊት

እውነተኛ ከፍታ ያለው እዚህ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ሲሆን አባይ ከሥሩ እየተጠማዘዘ ሲሄድ፣ ከተማዋና ሐይቁ ወዲያ ተዘርግተው ይታያሉ። የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ነው። ባጃጅ ኮንትራት ያዙ፤ ዋጋውን ስትነጋገሩ መመለሻውንና የመጠበቂያውን ሰዓት ጨምሩ። ሲመሽ ከላይ ባዶ ባጃጅ አታገኙም፤ ቁልቁል በጨለማ በእግር መውረድ ደግሞ አይመከርም።

ከቤዛዊት ከተማዋ በምዕራብ በኩል ናት። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ከተማውን ስለምታበራው ዝርዝሩ፣ ጣሪያው፣ የወንዙ ቀለም በደንብ ይወጣል። ማታ ፀሐይ ከፊታችሁ ስለሆነች ከተማው ጥላ ይሆናል፤ ሰማዩ ያምራል እንጂ ቤት አይለይም። ብዙ ሰው ማታ ይወጣና «ፎቶው ጠቆረብኝ» ይላል። ለዓይን ማታ፣ ለፎቶ ጠዋት። በታኅሣሥ ዳርቻው ሲያሳፍር እዚህ ግን ይሠራል፤ ፀሐይ በየትኛውም ወር ከፊታችሁ ትገባለችና።

ካሜራችሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ አታዙሩ፤ ክልክል ነው። ጥበቃዎቹን ስትደርሱ ሰላም ብላችሁ የት መቆም እንደሚቻል ጠይቁ። ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ከጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ ነገሩ በአንድ ቃል ያልቃል።

6. ድልድዩና የወንዙ ዳር

በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ በእግር መሻገር ራሱ ጥሩ ዕይታ ነው። ጠዋት ከፀሐይ መውጣት ጋር ብትደርሱ ወንዙ ላይ ጉም ተኝቶ ታገኛላችሁ። የሰማዕታት ሐውልቱ ግቢም ወደ አባይ ይመለከታል፤ ለልጆችና ለአዛውንት ከቤዛዊት ይቀላል።

ጉማሬ ለማየት ወደ ውሃው ጠርዝ አትጠጉ፤ በተለይ በመንጋትና በመምሸት ሰዓት ከውሃ ወጥቶ ይግጣል፣ በእሱና በወንዙ መካከል የቆመ ሰው ደግሞ አይወድም። ሐይቁም ሆነ ወንዙ ውስጥ ለፎቶ ብሎ እግር መንከር ይቅርባችሁ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ሲመሽ ለወባ ትንኝ ረጅም እጅጌ ልበሱ። የሰዓት እላፊ ካለ ደግሞ ከፀሐይ መግቢያው በፊት መመለሻውን አስሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሳም።

7. ከውሃው ወደ ከተማው

የተናቀ ዕይታ ይህ ነው። ሁሉም ከተማው ላይ ቆሞ ሐይቁን ያያል፤ ከሐይቁ ላይ ሆኖ ከተማዋን የሚያይ ጥቂት ነው። ጀልባ የምትይዙት ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ስልክ አያሲዝም። የሕይወት አድን ጃኬት ለየሰው መኖሩን ቆጥሩ። ዋጋ ስትዋዋሉ «ስንት ደሴት፣ በየደሴቱ ስንት ደቂቃ ቆይታ» በሉ፤ ጭቅጭቁ ሁሌ የሚነሳው በቆይታው ነው።

ለአጭር ጉዞ አባይ መውጫው ላይ ያለችው ደብረ ማርያም ትበቃለች። ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ቀጥለው ናቸው፤ ክብራን ሴት አታስገባም፣ ስለዚህ ቤተሰብ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ነገር ግን ዘጌ የቡና ደን ነው፣ ውስጡ ገብቶ ሐይቁን አያለሁ ማለት ዘበት ነው። ለገዳማቱና ለሥዕሎቹ ሂዱ፣ ዕይታውን ግን ጀልባው ላይ ጨርሱት።

ከዘጌ እንጨት ጭነው ወደ ከተማ የሚቀዝፉትን የደንገል ታንኳዎች የምታገኟቸው በዚሁ በጠዋቱ ነው። ታንኳው በጭነቱ ክብደት ጠልቆ ከውሃው እኩል ስለሚሆን ከሩቅ ሲታይ ሰውየው በውሃ ላይ የተቀመጠ ይመስላል፤ መቅዘፊያው በተነሳ ቁጥር የሚንጠባጠበው ውሃ ያበራል። የጀልባችሁን ነጂ ሞተሩን እንዲቀንስ ለምኑት። ማዕበሉ ታንኳውን ስለሚያናውጥ ይህ ለፎቶው ብቻ ሳይሆን ለሰውየውም ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት እጃችሁን አንሱና ሰላም በሉት።

8. ጢስ አባይ ላይ ከመሄዳችሁ በፊት

ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው የሚሞላው ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው፤ በበጋ የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ በዋሻ ውሃ ስለሚወስድ፣ የጢስ አባይ ማመንጫዎችም ከፏፏቴው በላይ ስለሚጠልፉት አለቱ ራቁቱን ሊቀር ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት ጢስ አባይ ከተማ የሚኖር ሰው ወይም የዚያን መስመር ሾፌር «ውሃ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሆቴል ውስጥ የተሰቀለውን ፎቶ አትመኑ። ቀስተ ደመና የምትፈልጉ ከሆነ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና ዝቅ ያለችበትን ሰዓት ምረጡ፤ ቀትር ላይ ፊት ለፊት ቆሞ ቢጠብቁት አይመጣም። መውረጃው ከዝናብ በኋላ ያንሸራትታልና ጫማችሁ ጥርስ ያለው ይሁን።