ከመቃብር አጠገብ ፊደል የተቀረጸበት የድንጋይ ስባሪ ሲገኝ ምን ይደረግ?

ጥንታዊ ጽሑፍ ያለበት የድንጋይ ስባሪ ያገኘ ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ነገር እጁን መሰብሰብ ነው። ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ፣ የተደፋበት አቅጣጫና የተኛበት አፈር ከፊደሉ ያላነሰ ነገር ይናገራሉ፤ አንዴ ከተበታተኑም በምንም ጥበብ አይመለሱም።

ስለዚህ ሳይነኩት ፎቶ ያንሱት፤ በመጀመሪያ ከራቅ ብለው መቃብሩንና አካባቢውን ጨምረው፣ ቀጥሎም ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጠው ከቅርብ። ከመቃብሩ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ጽሑፉ ያለበት ገጽ ወደየት እንደሚያይ፣ የድንጋዩንም ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ይመዝግቡ። መቃብሩን ግን በምንም ምክንያት አይቆፍሩ። ድንጋዩ ከመቃብር አጠገብ መገኘቱ ብቻውን የመቃብሩ ነው አያሰኝም፤ የጥንት ድንጋዮች ከፈረሰ ሕንፃ ተነቅለው ለሌላ ግንብ ወይም ለመቃብር መክደኛ ደጋግመው ያገለግሉ ነበርና።

ጽሑፉን ለማንበብ ዋናው መሣሪያ ብርሃን ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ጥልቀት የሌለው ቅርጽ ይጠፋል፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ግን ብርሃኑ ገጹን ታክኮ ሲያልፍ እያንዳንዱ ጭረት በአንድ ጠርዙ ጥላ ይይዝና ፊደሉ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን የተገኘው፣ «የዳዊት ቤት» የሚል ሐረግ ያለበት የአራማይክ ጽሑፍ በግንብ ውስጥ ተሠርቶበት ሳለ የታየው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስላበራችበት ነው። ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ የእጅ ባትሪን ከገጹ ጋር ሊነካካ እስኪቀርብ ዝቅ አድርገው ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች እያበሩ፣ ካሜራውን ሳያነቃንቁ ለየአቅጣጫው አንድ አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ከግራ ሲበራ የጠፋው አግድም መስመር ከላይ ሲበራ ይገለጣልና።

ፊደሉ እንዲጎላ ብለው ጠመኔ አይቀቡ፣ በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉ፣ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ አያስነኩ፤ የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ በአሲድ ይበላሉ።

ጽሑፉን ወደ ወረቀት ሲገለብጡ የሚያዩትን እንጂ የሚገምቱትን አይሳሉ፤ ጠርዝ ላይ ግማሹ የቀረ ፊደል ግማሽ ሆኖ ይሳል። የጽሑፍ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1931 በኔዘርላንድ ከተማ በላይደን በተስማሙበት ደንብ የሚያጠራጥረውን ፊደል ከሥሩ ነጥብ ያደርጉበታል፣ ጠፍቶ በግምት የተሞላውን ደግሞ በአራት ማዕዘን ቅንፍ [ ] ያስገቡታል፤ ይህን ልማድ ጀማሪም ቢከተለው እጅግ ይጠቅማል። የቅጂ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የሞዓብ ንጉሥ የሞሳ ድንጋይ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1868 በዛሬዋ ዮርዳኖስ በዲባን ታይቶ በዓመቱ ቢሰባበርም፣ የጠፋው ክፍል ጽሑፍ ዛሬ የሚነበበው ሳይሰበር በእርጥብ ወረቀት ተጭኖ ቅርጹ ስለተወሰደ ነው። ወረቀት መጫኑን ግን ለባለሙያ ይተዉት፤ ከእርስዎ ጥሩ ፎቶ ይበቃል።

ቀጥሎ ለአገሩ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም በቅርብ ላለ ሙዚየም ያሳውቁ፤ ትክክለኛ ቦታውን ዘራፊ ሊያየው በሚችልበት አደባባይ አይለጥፉ። ባለሙያ እስኪደርስ በላስቲክ አይሸፍኑት፣ እርጥበት ያምቃልና። ጎርፍ ወይም ሌባ የማያስጠብቅ ሆኖ ማንሳት ግድ ቢሆን፣ ሁሉም ከተመዘገበ በኋላ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ አድርገው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያሳርፉት፤ ከስብራቱ ሥር ያለውንም ፍርፋሪ ሳይንቁ ለቅመው በወረቀት ፖስታ ያኑሩት፤ የአንድ ፊደል እግር እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።