በገጠር ግቢ የመጀመሪያውን የጓሮ አትክልት እንዴት እንደሚጀምሩ

የጓሮ አትክልት ለመትከል ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚለካው መሬቱን ነው። በገጠር ግቢ ግን ቶሎ የሚያጥረው ውሃ ነው። በወይና ደጋ፣ በበጋ ወራት፣ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይጠጣል። ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር የሆነ አንድ መደብ በቀን 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል ይፈልጋል፤ አራት መደብ ከሆነ አሥር ጀሪካን። ጉድጓዱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ይህ አይከብድም። ውሃው ከምንጭ በአህያ ወይም በጀርባ የሚመጣ ከሆነ ግን ከሁለት መደብ አይለፉ። ከአቅም በላይ የተተከለ አትክልት ታኅሣሥ ላይ ይደርቃል፤ እስኪደርቅም ድረስ የውሃ ቀጂዋን ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ በቀን ስንት ጀሪካን ለአትክልት መመደብ እንደሚችል መጀመሪያ ይቁጠሩ፤ ገመድና ችካል ይዘው የሚወጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ቦታና አጥር

ቢያንስ የግማሽ ቀን ፀሐይ የሚያገኝ፣ ለማድ ቤት የቀረበ ቦታ ይምረጡ። ከቤት የራቀ ጓሮ ይረሳል፤ ጎመን ላይ የወጣ ትልም የሚታየው ቅጠሉ ካለቀ በኋላ ይሆናል። ከባሕር ዛፍ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ ሥሩ ያጠጡትን ውሃ ቀድሞ ይወስደዋል። ውሃ የሚተኛበት መሬት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት። በማግሥቱ ውሃው እዚያው ካለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

አጥር ከዘር ይቀድማል። ፍየልን የእሾህ አጥር ይመልሳታል፤ ዶሮ ግን ከሥር ትሾልካለች። የታችኛውን 50 ሳንቲ ሜትር በሸምበቆ፣ በቀርከሃ ወይም በወንፊት ሽቦ ድፍን አድርገው ይዝጉት። አንዲት ዶሮ አዲስ የተዘራ መደብ ለመጫር አንድ ጠዋት ይበቃታል።

መደብና ብስባሽ

አፈሩን ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቆፍሩ። ዋልካ አፈር ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ አልቆፈር ይላል፤ የሚሠራው በመሃል ባለው ጊዜ ነው። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ጊዜው ደርሷል። እጅ ላይ ከተለጠፈ ጥቂት ቀናት ይታገሡ። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ብዙም አይብለጥ፤ ከግራም ከቀኝም ሆነው መሃሉ ድረስ እጅ እንዲደርስ ነው። የተቆፈረን አፈር መልሶ መርገጥ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። በመደቦቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተዉ።

መደብ ከፍ ተደርጎ ይሠራ የሚለው ምክር ለክረምት ነው። በክረምት 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካላለ ሥሩ ይበሰብሳል። በበጋ ግን ከፍ ያለ መደብ በየጎኑ ይደርቃል፤ በጀሪካን ለሚያጠጣ ሰው ኪሳራ ነው። ለበጋ መደቡን ከመተላለፊያው 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው፣ ዙሪያውን በአፈር ክትር ይክበቡት፤ ያፈሰሱት ውሃ እዚያው ይሰርጋል።

ብስባሹ መስከረም ላይ እንዲደርስ ክምሩ በሰኔ መጀመር አለበት። 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል በሆነ ቦታ ላይ ደረቅ ገለባ ወይም አገዳ፣ በላዩ እርጥብ ሣርና ቅጠል፣ በላዩ እበት፣ ከዚያ ጥቂት አመድና አፈር እየነሰነሱና ውሃ እየረጩ 1 ሜትር ከፍታ እስኪደርስ ይደራርቡ። ዝናብ እንዳያጥበው በኮባ ቅጠል ወይም በሣር ይሸፍኑት። መሃሉ ላይ ረዘም ያለ ዱላ ይትከሉ። ከሳምንት በኋላ ዱላው ሲነቀል ሞቅ ብሎና ረጥቦ ከወጣ ሥራው እየሄደ ነው፤ ደርቆ ከወጣ ውሃ ይጨምሩ፤ ቀዝቅዞና ሸትቶ ከወጣ ውሃው በዝቷል፣ ገልብጠው ደረቅ ነገር ይቀላቅሉበት። በየሦስት ሳምንቱ ይገልብጡት። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ምን ከምን እንደተሠራ የማይለይ ጥቁር አፈር ይሆናል። በካሬ ሜትር አንድ ባልዲ ይበቃል። ጥሬ እበት በቀጥታ መደብ ላይ መጨመር ሥር ያቃጥላል፣ ከብቱ የበላውን የአረም ዘርም ይዘራል።

ምን ይዘራ?

ለመጀመሪያው ዓመት የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት ይበቃሉ። ቲማቲም ከ20 እግር አይብለጥ፤ በሽታው ብዙ ነው፣ እንክብካቤውም እንደዚያው። የሽንኩርት ዘር ሲገዙ የታሸገበትን ቀን ይመልከቱ፤ ዘሩ ከአንድ ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ ፈጥኖ ይወድቃል። ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ በቀላሉ የሚገኙ ዝርያዎች ናቸው። የማንኛውንም ዘር 20 ፍሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ለ10 ቀን፣ የካሮትን ግን እስከ 3 ሳምንት ያቆዩ። ከ10 ፍሬ በታች ከበቀለ ሌላ ዘር ይግዙ።

ካሮት አይዛወርም፤ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው በ20 ሳንቲ ሜትር መስመር ይዝሩ፤ ሲበቅል በ5 ሳንቲ ሜትር ያሳሱት። ለመብቀል እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላልና ተስፋ ቆርጠው መደቡን አይገልብጡ። ቆስጣም በቀጥታ ይዘራል። ሌሎቹ ከችግኝ መደብ ይጀምራሉ።

ችግኝ፦ ብዙዎች የሚከስሩበት ደረጃ

ጓሮ አትክልት የሚበላሸው በአብዛኛው በእነዚህ ከ4 እስከ 7 ሳምንታት ውስጥ ነው። ደካማ ችግኝ በኋላ ብስባሽም ውሃም ቢጨመርለት አይካካስም።

ለአንድ ቤተሰብ 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ የችግኝ መደብ ይተርፋል። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነፍተው ይቀላቅሉ። ከመዝራት በፊት ደረቅ ገለባ በላዩ አንድደው አፈሩን ያግሙት፤ ላይ ላዩን ያለውን የሻጋታና የአረም ዘር ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ ያጠጡት፣ በማግሥቱ ይዝሩ። መስመሩ በ15 ሳንቲ ሜትር ይራራቅ፤ ጥልቀቱ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። ጠልቆ የተቀበረ የጎመን ዘር አቅሙን አፈር ውስጥ ይጨርሳል። አፈር መልሰው በእጅ መዳፍ ጫን ጫን አድርገው፣ ፍሬ የሌለው ደረቅ ሣር ይሸፍኑበት። ጉንዳን ዘር ስለሚለቅም የመደቡን ዙሪያ በአመድ ይክበቡ።

አሁን ዋናው ነገር ሣሩ የሚነሣበት ቀን ነው። ጎመን በ4 ወይም በ5 ቀን፣ ቲማቲም በሳምንት፣ ሽንኩርት ከሳምንት እስከ 10 ቀን ውስጥ ብቅ ይላል። በየጠዋቱ ሣሩን ገለጥ አድርገው ይዩ። አጎንብሶ የወጣ ነጣ ያለ አንገት ሲታይ፣ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ሣሩን ያንሱ። ሁለት ቀን ከዘገየ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ አንገቱ እንደ ክር ይቀጥንና ቀና ማለት ያቅተዋል። ሣሩ እንደተነሣ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ዳስ ይሥሩለት፤ የጠዋት ፀሐይ እንዲገባ የምሥራቁን ጎን ክፍት ይተዉት።

ቀጥሎ የሚመጣው አደጋ አጠውልግ የሚባለው የችግኝ በሽታ ነው። ማታ ደህና የነበረ ችግኝ ጠዋት ላይ ተኝቶ ይገኛል፤ ነቅለው ሲያዩት አንገቱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጠቁሮና ሟሙቶ ነው። የሚያመጡት መጨናነቅና የማይደርቅ እርጥበት ናቸው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ውሃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል፤ ይህ የቀሩትንም ይጨርሳቸዋል። የወደቁትን ከነአፈራቸው አውጥተው ይጣሉ፣ ውሃውን ለአንድ ሁለት ቀን ያቁሙ፣ የዳሱን ሣር ያሳሱ፣ በመስመሩ መካከል አፈሩን በእንጨት ጫር ጫር አድርገው ደረቅ አሸዋ ይበትኑበት። ለመከላከል ደግሞ ሁለት እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ የዘር ቅጠሎች ቀጥሎ የሚወጡትን) ሲያወጣ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ያሳሱት፤ ከበቀለ በኋላም ጠዋት ብቻ ያጠጡ። ማጠጫ ከሌለ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በመርፌ መበሳሳት ይበቃል። በጣሳ መድፋት ግን ችግኙን ያስተኛዋል።

ሊዛወር 10 ቀን ሲቀረው ዳሱን ጥቂት በጥቂት ያንሱ፣ ውሃውንም ይቀንሱ። ጎመንና ቲማቲም በ4 ወይም በ5 ሳምንት፣ ሽንኩርት በ7 ሳምንት ገደማ እርሳስ ሲያክል ይዛወራል።

ማዛወር

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ ያዛውሩ። የችግኝ መደቡን አስቀድመው በደንብ ያጠጡት፤ በመቆፈሪያ ከሥር አንሥተው እንጂ በቅጠሉ ጎትተው አይንቀሉ። ርቀቱ ለሽንኩርት በመስመር 20፣ በችግኝ 10 ሳንቲ ሜትር፤ ለጎመን 40 በ30፤ ለቲማቲም 1 ሜትር በ30 ነው። ቲማቲም እስከ መጀመሪያ ቅጠሎቹ ቢቀበር ከግንዱም ሥር ያወጣል። ሽንኩርት ግን ጠልቆ ከተቀበረ ራሱ አይወፍርም።

በማግሥቱ ጠዋት ከአፈር አጠገብ ተቆርጦ የወደቀ ችግኝ ካዩ ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን እዚያው አጠገብ ይደበቃል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጭሩ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ያገኛሉ። ለቅመው ይግደሉት። በእያንዳንዱ ቲማቲም ዙሪያ ክብ የወረቀት መከላከያ ግማሹን ቀብሮ ማቆምም ያድነዋል።

ከዚያ በኋላ

የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ጠለቅ አድርገው ያጠጡ፤ የሳምንቱ ድምር ግን ያው ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ላይ ያስቀረዋል። በአትክልቱ መካከል ገለባ ማልበስ ውሃ ይቆጥባል። ለቲማቲም 1 ሜትር ተኩል ድጋፍ ይትከሉ፣ ውሃውንም በሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አያፍስሱ። አንዴ አድርቀው አንዴ ካጥለቀለቁት የፍሬው ቂጥ ይጠቁራል። ጎመን ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ከወጣ የቅጠሉን ጀርባ በሳሙና ውሃ ይጠቡ፤ በ4 ቀን ይድገሙት።

ጎመን ሲቀጥፉ የታችኞቹን ቅጠሎች ይውሰዱ፤ ከላይ አራት አምስት ይተዉ። ሽንኩርት ከተዛወረ ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይደርሳል፤ ግማሹ አንገቱን ሲያጥፍ ውሃ ያቁሙ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነቅለው በጥላ ሥር ያድርቁት። በተነሣው መደብ ላይ ብስባሽ ጨምረው ቆስጣ ይዝሩበት። ቲማቲም በነበረበት ላይ ግን ቲማቲምም፣ ቃሪያም፣ ድንችም ለሁለት ዓመት አይመለሱበት።